አዲግራትና ሕንጣሎ፤ የሁለት የዐለት ስሞች ታሪክ

በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት በ1860 ዓ.ም. ከዙላ ባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ፣ መድፍ ከሚሸከሙት ዝሆኖችና ስንቅ ከሚያግዙት በቅሎዎች ኋላ፣ ሥራቸው ከጠመንጃ ጋራ ያልተያያዘ ጥቂት የትምህርት ሰዎችም ይከተሉት ነበር። ከእነርሱ አንዱ መልክዐ ምድር ጸሓፊው ክሌመንትስ ማርካም፣ ሁለተኛው ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሕንድ የሥነ ምድር ምርመራ መሥሪያ ቤት ተመርጦ የመጣው ዊልያም ቶማስ ብላንፎርድ ነበሩ። ሆልምስ ከመቅደላ ሰብስቦ የወሰዳቸው የብራና መጻሕፍትና ለራሱ ያስቀረው የኲርዓተ ርእሱ ሥዕል እስከ ዛሬ ድረስ ሐዘናችንና ሙግታችን ሲሆኑ፣ የብላንፎርድ ሥራ ግን በአገራችን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ እርሱ ከተራራዎቻችን ከጥቂት ናሙናና ከእንስሳት ቆዳ በቀር የወሰደው የለም፣ ይልቁንስ አራት ስሞች ትቶ ሄደ፤ ከአራቱ ሁለቱ፣ አዲግራትና ሕንጣሎ፣ ዛሬ ከቀይ ባሕር ዳር እስከ ኦጋዴን በረሓ ያለውን ዐለት የሚመረምር ሰው ሁሉ ሳይጠራቸው ሊያልፍ የማይችላቸው ሆነዋል።

ብላንፎርድ በ1832 በሎንዶን የተወለደ፣ በ1855 ወደ ሕንድ ተሻግሮ በዚያው አገር መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ነው (የውጭ አገር ሰዎችና መጻሕፍት ዘመን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ይጻፋል)። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ዓይኑ በሕንድ ዐለቶች የሠለጠነ ስለ ነበረ፣ ሌላው መንገደኛ ገደልና ዳገት ብቻ በሚያይበት ስፍራ እርሱ ሥርዐትና ተዋረድ ያይ ነበር። ከዘመቻው በኋላም ወዲያው ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ ወደ ዓንሰባ ሸለቆ ወርዶ አዕዋፍንና አራዊትን ሲሰበስብ ቈየ፤ በ1870ም የአበሻን ሥነ ምድርና ሥነ እንስሳ የሚያትት መጽሐፉን በሎንዶን አሳተመ። ከእርሱ በፊት ፈሬና ጋሊንዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኰንኖች በ1840ዎቹ መጀመሪያ ትግራይንና ሰሜንን ዞረው የዐለቱን ዐይነት በካርታ ላይ አስፍረው ነበር፤ የዐለቱን ንጣፎች ግን በየስማቸው ጠርቶ፣ ማን ከማን በላይ ማን ከማን በታች መሆኑን በተራ ያቆመ ብላንፎርድ ነው።

ብላንፎርድን ዕድለኛ ያደረገው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የጦሩ መንገድ ራሱ የጊዜን ተራ ይከተል ስለ ነበረ ነው። ከዙላ እስከ ሰንዓፌ ያለው አቀበት የሚሰነጥቀው በእሳትና በክብደት የተለወጠውን፣ የሁሉ መሠረት የሆነውን ጥንታዊ ዐለት ነው፤ ወደ አዲግራት ሲደረስ በዚያ መሠረት ላይ የተቀመጠው ነጭና ቀይ የአሸዋ ድንጋይ በግልጽ ይታያል፤ ከአዲግራት ወደ ሕንጣሎ ሲወረድ በአሸዋው ድንጋይ ላይ የኖራ ድንጋይ ይደረባል፤ ከሕንጣሎ ወደ አሸንጌ ሐይቅ ሲታለፍ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይጀምራል፤ በመቅደላም አምባ የዚያው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የላይኛው ክፍል ይገኛል። እንግዲህ ያ ጦር በየሰፈረበት ቦታ የምድሪቱን መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ እየገለበጠ ሳያውቀው ከጥንቱ ዘመን ወደ ቅርቡ ዘመን ሄደ። ብላንፎርድም ንጣፎቹን በሰፈሮቹ ስም ሰየማቸው፤ የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ፣ የሕንጣሎ (በእርሱ አጻጻፍ የአንታሎ) የኖራ ድንጋይ፣ የአሸንጌ ክፍል፣ የመቅደላ ክፍል አላቸው።

ሕንጣሎ በዚያን ጊዜ ያለፈ ክብር የነበራት ከተማ ነበረች፤ ከሥልሳ ዓመት በፊት የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ የተቀመጡባት፣ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልትም በ1805 ከእርሳቸው ጋራ የተገናኘባት ናት። ሳይንስ ግን የሚያስታውሳት በራሱ ምክንያት ነው፤ ብላንፎርድ በዚያ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ዛጎሎችን አግኝቶ፣ በዛጎሎቹ ዐይነት መሪነት ዐለቱ የጁራሲክ ዘመን መሆኑን ወሰነ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብሎ በሚገኝ ደጋ ላይ የባሕር ፍጥረት መገኘቱ ለሊቃውንቱ በዚያን ጊዜም አዲስ ነገር አልነበረም፤ አዲሱ ነገር የኢትዮጵያ ደጋ በዓለም የዘመን ተራ ውስጥ በሥፍራው መቀመጡ ነበር።

እዚህ ላይ ይህ ሥራ በምን ሕግ እንደሚካሄድ መግለጽ ያስፈልጋል። ዳኒማርካዊው ስቴኖ በ1669 እንደ ጻፈው፣ ያልተገለበጠ ንጣፍ ሁሉ የታችኛው ቀዳማዊ፣ የላይኛው ደኃራዊ ነው፤ እንግሊዛዊው ዊልያም ስሚዝ ደግሞ የአገሩን የዐለት ካርታ በ1815 ሲያወጣ፣ እያንዳንዱ ንጣፍ የራሱ የሆነ ቅሪተ አካል ስላለው ንጣፉ በአንድ ስፍራ ቢቋረጥ በሌላ ስፍራ በቅሪቱ ሊታወቅ እንደሚችል በሥራው አስረዳ። የሥነ ምድር ሰዎች ፎርሜሽን የሚሉት በዐለቱ ጠባይ ከላይና ከታች ካለው ተለይቶ የሚታወቅና በካርታ ላይ ሊሣል የሚችል የዐለት ክፍል ነው፤ አንዱን ስፍራ ከሌላው ጋራ ማዛመድ ማለት ደግሞ የአንድን ገድል ልዩ ልዩ ቅጂዎች በየገዳሙ ፈልጎ እንደሚያመሳክር ሊቅ መሆን ነው፤ በአንዱ ቅጂ ቅጠሉ ተገንጥሏል፣ በሌላው ጸሓፊው ጨምሯል፣ በሦስተኛው መካከሉ ጠፍቶ ፊተኛውና ኋለኛው ያለ ምልክት ተጋጥመዋል፤ ሊቁም ተመሳሳይ ቃል ያየበትን ሁሉ አንድ ምንባብ ነው ብሎ እንዳይሳሳት መጠንቀቅ አለበት።

የአዲግራትና የሕንጣሎ ስሞች ከተሰጡ በኋላ ያለፈው ዘመን ታሪክ በእኔ አስተያየት የዚሁ ጥንቃቄ ታሪክ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ወደ ደቡብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ ኦብሪ የተባለው የፈረንሳይ መሐንዲስ በ1880ዎቹ ሸዋን ዞሮ ከወንዝ ሸለቆዎች ውስጥ ዛጎሎችን ሰበሰበ፤ እነዚያን ዛጎሎች አንሪ ዱቪዬ የተባለው የቅሪተ አካል ሊቅ በፓሪስ መርምሮ በ1886 ሲገልጣቸው፣ ያም ዐለት የጁራሲክ ባሕር ሥራ መሆኑ ታወቀ። በዚህም የትግራይ ባሕር የተባለው ባሕር የትግራይ ብቻ እንዳልነበረ፣ በሸዋም ላይ ተኝቶ እንደ ነበር ተረጋገጠ።

ነገር ግን የኢትዮጵያ ጁራሲክ ከኤውሮፓው ጋራ በቀላሉ አይገጥምም። በኤውሮፓ ዘመንን እንደ ሰዓት የሚቈጥሩት አሞናይት የተባሉት ጥምዝ ዛጎሎች በሕንጣሎ ድንጋይ ውስጥ ጥቂት ናቸው፤ ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር የኖሩት ሌሎቹ ዛጎሎች ደግሞ ብዙዎቹ ለዚህ ክፍለ ባሕር ብቻ የተሰጡ ወገኖች ስለ ሆኑ፣ ሊቃውንቱ የዚያን ዘመን ባሕር በፍጥረቱ ሲከፋፍሉ ለዚህኛው ክፍል የኢትዮጵያ ክፍለ ሀገር የሚል ስም ሰጥተውታል። ክብሩ ክብር ነው፤ ለአመሳካሪው ግን ችግር ነበር። ኋላ የረዱት በዓይን የማይታዩት የባሕር ነፍሳት ናቸው፤ ለምሳሌ ኩርኑቢያ የሚባለው፣ ስሙን በኔጌብ በረሓ ካለችው ከኩርኑብ ያገኘው ጥቃቅን ፍጥረት፣ በሕንጣሎም ድንጋይ በመካከለኛው ምሥራቅም የኖራ ድንጋይ ስለሚገኝ በሁለቱ መካከል ምስክር ሆኖ ቆመ።

በኢጣልያኖች ዘመን ሥራው በብዛት ተሠራ፤ ሜርላና ሚኑቺ የትግራይን ምድር መርምረው በ1938 አሳተሙ፣ ጆቶ ዳይኔሊም በ1943 የምሥራቅ አፍሪቃን ሥነ ምድር በብዙ ጥራዝ ጠቅልሎ አወጣ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ፖል ሞር የኢትዮጵያን ሥነ ምድር የሚመለከተውን መጽሐፉን በ1962 በዚሁ በከተማችን አሳተመ። በእነዚህ መጻሕፍት ሁሉ መሠረተ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ከታች የአሸዋ ድንጋይ፣ በመካከል የኖራ ድንጋይ፣ ከላይ ደግሞ ሌላ የአሸዋ ድንጋይ። ባሕር መጣ፣ ባሕር ተቀመጠ፣ ባሕር ሄደ ማለት ነው። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ያማረ በመሆኑም ሰውን አሳስቷል።

መጀመሪያ የፈረሰው የታችኛው ክፍል ነው። ከኖራው ድንጋይ በታች ያለ የአሸዋ ድንጋይ ሁሉ አዲግራት ይባል ነበር። በ1971 ዳው፣ ሚካኤል ቤይትና ፀጋዬ ኃይሉ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ባወጡት ጽሑፍ፣ በትግራይ ከአዲግራቱ ድንጋይ በታች ከእርሱ እጅግ የሚቀድሙ ሁለት ክፍሎች መኖራቸውን ገለጡ፤ አንዱን የእንትጮ የአሸዋ ድንጋይ፣ ሁለተኛውን የዕዳጋ ዓርቢ የበረዶ ደለል አሉት። የዕዳጋ ዓርቢው ድንጋይ በጭቃ ውስጥ የተበተነ ትልቅና ትንሽ ቋጥኝ የሞላበት ሲሆን፣ ቋጥኞቹ በበረዶ ግግር ሥር ሲጐተቱ የተፋቁ መሆናቸው በላያቸው በተቀረጸው ጭረት ይታወቃል። ዛሬ ፀሓይ የሚፋጅበት ያ አገር አንድ ጊዜ በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር።

በዚህ ስፍራ የብላንፎርድን ዕጣ ሳስብ ከመገረም አልቦዝንም። ይህ ሰው በ1856፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ከወንድሙ ከሄንሪ ጋራ በሕንድ ታልቺር በተባለ ስፍራ ቋጥኝ የተበተነበትን ጭቃ ድንጋይ አይቶ፣ ሞቃቷ ሕንድ በጥንት ዘመን በረዶ እንዳየች በድፍረት የተናገረ ነው፤ ብዙዎች ያን ጊዜ አላመኑትም፣ ኋላ ግን እውነቱ የእርሱ ሆነ። እንግዲህ በዓለም ላይ የዕዳጋ ዓርቢን ድንጋይ አይቶ ወዲያው ሊያውቀው የሚችል ሰው ቢኖር ብላንፎርድ ነበር፤ ዕዳጋ ዓርቢ ግን ከጦሩ መንገድ ወደ ምዕራብ ገለል ያለች ስለ ሆነች፣ ሠራዊቱ አዲግራትን አልፎ ወደ ደቡብ ሲሄድ እርሱም አብሮ አለፈ፤ ግኝቱም ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቈየ።

የዕዳጋ ዓርቢ ዘመን ክርክርም በዚያ አላበቃም። መጀመሪያ ከታችኛው ፓሌዮዞይክ ተቈጠረ፤ በ1983 ሳክሴናና ጌታነህ አሰፋ በድንጋዩ ላይ በቀሩት የፍጥረታት ዱካዎች መሪነት የኦርዶቪሺያን ዘመን ነው አሉ፤ በ2007 ደግሞ ቡሰርትና ሽራንክ ከድንጋዩ ውስጥ የዕፀዋትን ብናኝ አውጥተው፣ የዕዳጋ ዓርቢው በረዶ የካርቦኒፈረስ መጨረሻና የፐርሚያን መጀመሪያ መሆኑን አሳዩ። ይህም ከታልቺር በረዶ ጋራ የሚቀራረብ ዘመን ነው፤ በዱካዎቹና በብናኙ ምስክርነት መካከል ያለው ልዩነት ግን ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ከእንትጮው ክፍል ቢያንስ አንዳንዱ ግን በኦርዶቪሺያን እንደ ጸና ነው። ስለዚህ በትግራይ ምድር አንድ ሳይሆን ሁለት የበረዶ ዘመናት አልፈዋል ማለት ነው፤ ሁለቱንም ቀድሞ አዲግራት የሚለው አንድ ስም ሸፍኗቸው ነበር።

ቀጥሎ የፈረሰው የመካከለኛው አንድነት ነው። ከጐሓ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሄድ መንገደኛ ወደ ዓባይ በረሓ ሲወርድ፣ ከጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሥር እስከ ወንዙ ድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ የደለል ዐለት በግራና በቀኝ ተደርድሮ ያያል። በዚያ የኖራው ድንጋይና የታችኛው የአሸዋ ድንጋይ በቀጥታ አይገናኙም፤ በመካከላቸው ጀሶ፣ ጭቃ ድንጋይና ዶሎማይት የተፈራረቁበት፣ ወደ 450 ሜትር የሚደርስ ክፍል ገብቷል። ይህን ክፍል ጌታነህ አሰፋ በ1981 የጐሓ ጽዮን ፎርሜሽን ብለው ሰየሙት። በኖራው ድንጋይ ላይ ያለውም እንዲሁ በየአገሩ ይለያያል፤ በመቀሌ ዙሪያ በስስ ንጣፍ የሚፈረካከሰው የአጉላዕ ድንጋይ ይደረባል፣ በዓባይ በኩል የሙገር ጭቃ ድንጋይ፣ ከእርሱም በላይ የደብረ ሊባኖስ የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል።

ጀሶ የሚፈጠረው የባሕር ውሃ በጠባብ ስፍራ ተዘግቶ በፀሓይ ሲተን ስለ ሆነ፣ በዓባይ ሸለቆ ባሕሩ በአንድ ጊዜ ገሥግሦ እንዳልገባ፣ እየመጣ እየተመለሰ፣ በረግረግና በጨው ኩሬ ብዙ ዘመን እንዳሳለፈ ይገባናል። ባሕሩ የመጣው ከደቡብ ምሥራቅ ነው። በኦጋዴን የሐማንሌይ የኖራ ድንጋይ የሚባለው ክፍል መነጠፍ ሲጀምር ትግራይ ገና ደረቅ ምድር ነበረች፤ ወንዞች አሸዋ ያመላልሱባት ነበር። በትግራይ የአዲግራቱ ድንጋይ ጫፍ ላይ የሚገኘው ቀይ ብረታማ ቅርፊት፣ ባሕሩ ከመድረሱ በፊት መሬቱ ለዝናብና ለሙቀት ተጋልጦ ረዥም ጊዜ እንደ ቈየ ይመሰክራል። ስለዚህ በኦጋዴን ያለው የአዲግራት ድንጋይና በአዲግራት ያለው የአዲግራት ድንጋይ ስማቸው አንድ ሲሆን ዘመናቸው አንድ አይደለም፤ የአሸዋው ዳርቻ ከባሕሩ ፊት እየሸሸ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲሄድ ሚሊዮኖች ዓመታት ፈጅቷል። የመልክን አንድነት እንደ ዘመን አንድነት መቍጠር የዚህ ሙያ ቀዳሚ ፈተና ነው።

ነገሩ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ በኦጋዴን ወዳለው ወደ ካሉብ ይመልከት። የሲንክሌር ኩባንያ በ1945 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋራ ተዋውሎ በኦጋዴን ዘይት መፈለግ ከጀመረ ወዲህ፣ ጉድጓድ ቈፋሪዎች ከምድር ውስጥ የሚያወጡትን ስብርባሪ ድንጋይ በብላንፎርድ ስሞች መጥራት ነበረባቸው። በኋላም የቴኔኮ ኩባንያ በ1966 ዓ.ም. ገደማ በካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ሲያገኝ፣ ጋዙን ይዘው ከተገኙት ንጣፎች አንዱ ይኸው የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ ነበር። ከአዲግራት እስከ ካሉብ በቀጥታ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ድንጋዩም በዚያ ከመሬት በታች ብዙ ሺህ ሜትር ተቀብሯል። ከሰሜን ተራራ የተወሰደ ስም በደቡብ ምሥራቅ ቆላ ጥልቅ ውስጥ ሲጠራ፣ አመሳካሪው የተሳሳተ እንደ ሆነ ገንዘብም ድካምም በከንቱ ይፈሳል።

ወደ ምሥራቅ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ የመን አለ። በዚያ ከታች ያለውን የአሸዋ ድንጋይ ኮህላን፣ በላዩ ያለውን የጁራሲክ የኖራ ድንጋይ ዐምራን ይሉታል፤ ኮህላን የአዲግራት፣ ዐምራንም የሕንጣሎ ወገን ናቸው። ቀይ ባሕር የተከፈተው እነዚህ ዐለቶች ከተነጠፉ ከብዙ ዘመን በኋላ ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያ አንድ ሜዳ፣ ቀጥሎም አንድ ባሕር ነበሩ። ከአክሱም እስከ ሳባ ስለ ተዘረጋው የነገሥታት ግንኙነት ብዙ ተጽፏል፤ ዐለቱ ግን ከዚያ እጅግ በሚቀድም ዘመን የተጻፈ የአንድነት ምስክር ነው።

የላይኛው የአሸዋ ድንጋይ ነገር ለብቻው ሐተታ የሚጠይቅ ስለ ሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ። በትግራይ ራስ ሙሉጌታ በ1928 ዓ.ም. ከጠላት ጋራ በተዋጉበት በአምባ አራዶም ስም የተሰየመው ክፍል፣ በታቹ ያሉት ንጣፎች ዘንበል ብለው ከተሸረሸሩ በኋላ የተነጠፈ ነው፤ በአንድ ስፍራ በአጉላዕ ላይ፣ በሌላው ስፍራ በሕንጣሎ ላይ ያርፋል። ይህንና የደብረ ሊባኖሱን ድንጋይ፣ የሐረርጌውንም ጨምሮ፣ ሁሉን በአንድነት የላይኛው የአሸዋ ድንጋይ ብሎ መጥራት ቀላል ነበረ፤ ትክክል ግን አልነበረም።

ከዐለቶቹ ጋራ የሰው እጅ ያደረገው ግንኙነት ደግሞ ከሳይንሱ እጅግ ይቀድማል። የገርዓልታ ቀያይ ገደሎች የአዲግራቱ የአሸዋ ድንጋይ ናቸው፤ አቡነ የማታ ጉሕን የመሳሰሉ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ድንጋይ ለመሮ የሚታዘዝ፣ ሲፈለፈል ግን የሚጸና ነው። የላሊበላ ሕንጻዎች በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈለፈሉ ስለ ሆኑ ከእነዚህ ጋራ በዐለት ዝምድና የላቸውም። የኖራው ድንጋይ በበኩሉ ውሃ የሚያሟሟው በመሆኑ ዋሻ ይወልዳል፤ ወይብ ወንዝ በባሌ የሠራው፣ ከ15 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የሶፍ ዑመር ዋሻ የዚያው የጁራሲክ ባሕር ድንጋይ ነው። በመቀሌ የመሰቦ፣ በሸዋም የሙገር ፋብሪካዎች ሲሚንቶ የሚሠሩት ይህንኑ የኖራ ድንጋይ እየፈጩ ነው።

ፍርዴን እንድሰጥ ከተፈቀደልኝ፣ ብላንፎርድ በጦር ኋላ የመጣ ቢሆንም ያየውን በታማኝነት የጻፈ ሰው ነውና ስሞቹ ሊጸኑ ይገባል፤ ነገር ግን ስሞቹ በተሰጡባቸው ስፍራዎች መለኪያ ሆነው እንዲጸኑ እንጂ በየአገሩ ያለውን ልዩ ልዩ ድንጋይ ሁሉ እንዲውጡ አይደለም። ጐሓ ጽዮን፣ አጉላዕ፣ ሙገር፣ እንትጮና ዕዳጋ ዓርቢ የሚሉት ስሞች ከእነርሱ ጐን መቆማቸው መልካም ሆነ። አሁን ለመንገድ ሥራ ገደል የሚቈርሱና ለሲሚንቶ ተራራ የሚንዱ መሐንዲሶች፣ አዲስ የተቈረጠው የዐለት ፊት በዝናብና በአፈር ከመሸፈኑ በፊት የንጣፉን ተራና ውፍረት ለክተው ለሥነ ምድር መሥሪያ ቤት እንዲያስረክቡ አደራ እላለሁ።